የምትገዙት የካርቲየር ሰዓት ኦርጅናል መሆኑን እንዴት ታረጋግጣላችሁ?

ወሎ ውስጥ ጅዳ ወይም ዱባይ ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ከተመላሹ ሻንጣ ሽቶ ይወጣል፣ ስልክ ይወጣል፣ አንዳንዴም ሰዓት። ያ ሰዓት ዞሮ ዞሮ ደሴ ፒያሳ ላይ «ኦርጅናል ካርቲየር ነው፣ ቸግሮኝ ነው የምሸጠው» ተብሎ ይቀርብላችኋል። አብሽሩ። ብር ከማውጣታችሁ በፊት እንዲህ አድርጋችሁ እዩት።

መጀመሪያ ሞዴሉን ጠይቁ። ካርቲየር እ.ኤ.አ. በ1847 ፓሪስ ውስጥ የተከፈተ የጌጣጌጥ ቤት ነው። ሳንቶስ የሚባለውን ሰዓት በ1904 የሠራው ለብራዚላዊው አብራሪ ለአልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን ነው። ሰውዬው አየር ላይ ሆኖ የኪስ ሰዓት ማውጣት አስቸግሮት ነበር። ታንክ ደግሞ በ1917 የተነደፈ አራት ማዕዘን ሰዓት ነው። ቅርጹ የመጣው ከጦር ሜዳው ታንክ ነው። ፎርጅድ የሚሠሩ ሰዎችም እነዚህን ሁለቱን ይወዷቸዋል።

ቀጥሎ ገጹን በማጉያ መነጽር እዩ። ከሌላችሁ የስልክ ካሜራ ይበቃል። ሰባት ቁጥር ላይ፣ በአንዳንዱ ሞዴል አሥር ቁጥር ላይ፣ ከሮማ ቁጥሩ ሰያፍ መስመሮች አንዱ ሲጠጉት መስመር አይደለም። በደቃቃ ፊደል የተጻፈ የካርቲየር ስም ነው። ጽሑፉ ከተድበሰበሰ ተጠራጠሩ። ጥርት ብሎ ከታየም ገና አትደሰቱ፤ አስመሳዮቹም ይህን ምልክት ያውቁታል። አራት ቁጥር በአራት ቋሚ ሰረዝ መጻፉ ግን አያስደንግጣችሁ። ትምህርት ቤት የተማረውን አስታውሶ «ይሄማ ፌክ ነው» የሚል አይጠፋም፤ ካርቲየር የሚጽፈው እንደዚያ ነው።

ከዚያ ወደ በሩ ውጡና ቆጣሪዎቹን ፀሐይ ላይ አገላብጡ። በብዙዎቹ ሞዴሎች ሰማያዊ ናቸው። በእሳት ግሎ ሰማያዊ የሆነ ብረት ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፣ ብርሃን ሲያገኝ ሰማያዊ ይሆናል። ቀለም የተቀባው የትም ብትወስዱት ያው ነው። መሙያው (ሰዓቱ የሚሞላበት የጎን ጉጥ) ጫፍ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ድንጋይም በጥፍር ነካ አድርጓት። የምትነቃነቅ ወይም የሙጫ ትራፊ ያላት ከሆነች በቃ፣ መልሱለት።

ወርቅ ነው ከተባላችሁ 750 የሚል ማህተም ፈልጉ፤ 18 ካራት ማለት ነው። ከዚያም ወርቅ ቤት ወስዳችሁ አስፈትሹት። 925 ካያችሁ ብር ነው። ካርቲየር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ብር ላይ ወርቅ የለበጠባቸውን ሰዓቶች ሸጧል። እነሱ ኦርጅናል ናቸው፤ በወርቅ ዋጋ ግን አይገዙም። በእስልምና ወርቅ ለወንድ ስለማይፈቀድ፣ ለሰላት የሚያስብ ወንድ ለራሱ ከሆነ የሚፈልገው፣ ስቲሉን ይምረጥ።

ባትሪ ስላለው ብቻ «ፌክ ነው» አትበሉ። ብዙ ኦርጅናል ታንኮች የሚሠሩት በባትሪ ነው።

ዋናው ምርመራ ጀርባውን ማስከፈት ነው። ሻጩም አብሮ ሰዓት ሠሪ ጋ ይሂድ። ሠሪው ቢላ ካነሳ ሰዓቱን ተቀበሉት፤ ትክክለኛ መፍቻ ያለው ሌላ ሰው ይከፍተዋል። ከውጭ የተቀረጸው ቁጥር ጥልቅና ንጹህ መሆን አለበት፤ ወረቀት ካለው ደግሞ ከወረቀቱ ጋር አንድ ይሁን። ውስጡ የካርቲየር ስም የሌለበትና በፕላስቲክ የተሞላ ከሆነ ነገሩ አልቋል። «አይከፈትም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ዋጋ እንኳ አትከራከሩ።

ገዛችሁ እንበል። ቀን የሚያሳይ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ የምንሞላው በሀበሻ ሰዓት ስለሆነ ቀኑ የሚዞረው እኩለ ሌሊት ላይ አይደለም፤ ጠዋት ወይም ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። እኔ የጠዋቱን እመርጣለሁ። በማታው 12 ከዞረባችሁ አጭሩን ቆጣሪ አንድ ሙሉ ዙር አሳልፉት። አጭሩ ቆጣሪ በ9 እና በ3 መካከል፣ በላይኛው በኩል እያለ ግን ቀኑን በእጅ አትቀይሩ። ውስጥ ያለው ጥርስ ይጎዳል።

30 ሜትር የሚል ጽሑፍ ዋና ይቻላል ማለት አይደለም፤ የውሃ ፍንጣቂ ይችላል ማለት ነው። የቆዳ ማሰሪያ ያለውን ደግሞ ውዱእ ከማድረጋችሁ በፊት አውልቁት። በቀን አምስት ጊዜ የሚርስ ቆዳ ቶሎ ይሸታል፣ ይሰነጠቃልም፤ የካርቲየር ማሰሪያ ደሴ ውስጥ ፈልጎ መቀየር ደግሞ ቀላል አይደለም።