ከአንጀት የተሠራ የሽንት ከረጢት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ስለ ሽንት መፍሰስ ከተነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ፊስቱላ፣ ከባድ ምጥ ፊኛ ላይ ወደሚያመጣው ቀዳዳ፣ ነው የሚሄደው። በከተማችን የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ አብዛኛው ፊስቱላም ተሰፍቶ ይድናል። ግን ፊኛዋ ከጥቅም ውጪ የሆነባት ሴት አለች። በካንሰር ምክንያት ፊኛው የወጣለት ሰውም አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሐኪሙ ከታካሚው አንጀት ሽንት የሚያቁር ከረጢት ሊሠራለት ይችላል። ሽንቱ አይፈስም፤ በሰዓቱ ይወጣል። «በሰዓቱ» የምትለዋን ግን ብዙዎች ይዘነጓታል።

«የቱ ይሻላል?» ብሎ መጀመር። መቅደም ያለበት ጥያቄ «ሽንቱ በየት ይወጣል?» ነው። አንደኛው በተለመደው የሽንት መውጫ ነው። ሁለተኛው ሆድ ላይ፣ ብዙ ጊዜ እምብርት አካባቢ በምትሠራ ትንሽ ቀዳዳ ካቴተር (ሽንት የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ) እያስገቡ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሚትሮፋኖፍ በ1980 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ለዚህ መተላለፊያ ትርፍ አንጀትን ይጠቀማል። የትርፍ አንጀቱ አንድ ጫፍ በከረጢቱ ግድግዳ ውስጥ ይቀበራል፤ ከረጢቱ ሲሞላ ግድግዳው ይጫነውና መንገዱ ይዘጋል። ሦስተኛው በፊንጢጣ ነው። ይሄ ካቴተር አይፈልግም። ካቴተር እንደልብ በማይገኝበት ገጠር ለምትኖር ሴት ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

ፊንጢጣውን ሳይፈትኑ ሦስተኛውን መምረጥ። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ፊስቱላ ያመጣው ከባድ ምጥ የፊንጢጣውን ጡንቻም ጎድቶት ሊሆን ይችላል። ጡንቻው ካልያዘ ሽንትና ሰገራ አብረው ይፈሳሉ። ፈተናው ቀላል ነው። 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ፈሳሽ በፊንጢጣ ይገባል። ከዚያ ትቀመጣለች፣ ትራመዳለች፣ ደረጃ ትወጣለች። ለሰዓታት መያዝ ካልቻለች ሌላ መንገድ ይፈለጋል። ከቀዶ ጥገናው በፊት «ይሄ ፈተና ተደርጎላታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሽንት እስኪመጣ መጠበቅ። አንጀት እንደ ፊኛ «ሞላሁ» አይልም። ስለዚህ የምትታዘዙት ለሰዓት ነው። መጀመሪያ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም አላርም ሞልቶ። ቀስ በቀስ አራት፣ ከዚያም እስከ ስድስት ሰዓት ይደርሳል። «ዛሬ ደህና ነኝ» ብሎ ማሳለፍ ከረጢቱን ይለጥጠዋል፤ ኩላሊት ይጎዳል፤ ከረጢቱ ሊቀደድም ይችላል። ወደ አዲስ አበባ በሌሊት የሚነሳ አውቶብስ ከያዛችሁ ሾፌሩን አስቀድማችሁ አናግሩ። ወደ ጣና ገዳማት በጀልባ ስትሄዱ ደግሞ ወደቡ ላይ ሳታስወጡ አትሳፈሩ። ድንገት ሆድ አጥብቆ ካመመ ቤት ተኝቶ ማየት የለም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው። እዚያም «ከአንጀት የተሠራ ከረጢት አለኝ» ማለት አይረሳ።

ዝልግልጉን መናቅ። አንጀት ሥራውን አይተውም፤ ሽንት ውስጥም ሆኖ ንፍጥ መሰል ነገር ያመነጫል። ካቴተሩ ገብቶ ጠብ ካላለ አብዛኛውን ጊዜ የደፈነው እሱ ነው። ተጨማሪ ኃይል አይጠቀሙ። በስሪንጅ 50 ሚሊ ሊትር ያህል የጨው ውሃ ቀስ አድርጎ ማስገባትና መልሶ መሳብ ነው። ካልታጠበ ይጠራቀምና ጠጠር ያበጃል።

በጾም ውሃ መተው። በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ለጤነኛም ይከብዳል። እዚህ ላይ ዝልግልጉ ይወፍራል፣ ጠጠሩ ይፋጠናል። ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ጋር ቀድማችሁ ተማከሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ጨካኝ አይደለችም።

ላብራቶሪ «ባክቴሪያ አለ» ባለ ቁጥር አንቲባዮቲክ መዋጥ። በካቴተር በሚወጣ ከረጢት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የጎን ሕመም ከሌለ ብዙ ጊዜ አይታከምም።

«ድኛለሁ» ብሎ ክትትል ማቆም። አንጀት ከሽንት አሲድ መልሶ ወደ ደም ይመጥጣል። ድካምና የምግብ ፍላጎት መጥፋት ያመጣል፤ እየቆየም አጥንት ያሳሳል። የደም ምርመራ ያሳየዋል፤ ባይካርቦኔት ኪኒን ያስተካክለዋል። ከትንሹ አንጀት መጨረሻ ብዙ ከተወሰደ ቫይታሚን ቢ12 ከዓመታት በኋላ ሊያንስ ይችላል። ሽንታቸው በፊንጢጣ የሚወጣ ሰዎች ደግሞ ከኩላሊት የሚመጣው የሽንት ቱቦ ከአንጀት በተገናኘበት ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ካንሰር ሊያድግባቸው ይችላል። ስለዚህ በካሜራ የሚደረገው የአንጀት ምርመራ መቼ እንደሚጀመር ከሆስፒታል ሳትወጡ በወረቀት አስጽፉ።