በጣና ዳር ብስክሌት እየነዱ ሲጫወቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር፣ አዲሱ የዓባይ ድልድይ አጠገብ እንገናኛለን። በ2016 ዓ.ም የተመረቀው ይህ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ስድስታችንም ተሰብስበን እስክንወጣ ድረስ ወሬው ተጀምሮ ይቆያል። ጡረታ የወጡ መምህር፣ አንዲት ነርስ፣ ባጃጅ ነጂ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ልጆችና እኔ ነን። ሁላችንም ማውንቴን ብስክሌት ነው የምንነዳው። አንዳንዴ ወደ ቤዛዊት፣ አንዳንዴ ወደ ዘጌ፣ ጉልበት ሲኖረን ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ወደ ጢስ ዓባይ እንወርዳለን። እሑድን ለቅዳሴ ትተነዋል።

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት ለከተማዋ ብርቅ አይደለም። ከአስፋልት ወጥቶ በኮረኮንች ላይ በቡድን መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በተለይ እንደኛ የጉዞው ግማሽ ጨዋታ ከሆነ። ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ሰው ስህተት፣ ስለሰማነው ፖድካስት፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። እስካሁን የወደቅነው፣ የተቀያየምነውና የደነገጥነው ሁሉ አንድ ቃል ያለ ቦታው ስለተነገረ ወይም መነገር ሲገባው ስላልተነገረ ነው። ብዙ ሰው አደጋ ሲደርስ ወሬውን ይከለክላል። እኔ አልስማማም። ዝም ብሎ የሚሄድ ቡድን ሁለተኛ ቅዳሜ አይሰበሰብም። ቦታውን ማወቅ ነው የሚያስፈልገው።

በአንድ እጅ መሪ ይዞ ማማተብ

በጣና ዳር ቤተ ክርስቲያን ሳያልፉ ሩቅ አይኬድም። ጉልላቱ ወይም የጽዱ ዛፍ ከሩቅ ሲታይ እጅ በልማድ ወደ ግንባር ይሄዳል። ለእግረኛ ምንም ችግር የለውም። በኮረኮንች ቁልቁለት ላይ ግን ቀኝ እጅ መሪውን ሲለቅ የሚቀረው ግራ እጅ ነው፤ በአብዛኞቹ ብስክሌቶቻችን ላይ ደግሞ ግራ እጅ የሚይዘው የፊቱን ፍሬን ነው። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ግራ እጅ ሳያስበው ፍሬኑን ጭብጥ ያደርጋል። የፊቱ ጎማ ቀጥ ይላል፣ ነጂው በመሪው ላይ ተሻግሮ ይወድቃል።

መምህራችን በዘጌ መንገድ ላይ እንዲህ ነው የወደቁት። ከኋላቸው ስለነበርኩ ዓይኔ እያየ ነው። መስቀሉን ከግንባር ወደ ደረት አውርደው ወደ ትከሻቸው ሳይደርሱ ጎማቸው ከቅል የማይበልጥ ድንጋይ ነካ። ከክርናቸው እስከ አንጓቸው ተላልጠው ተነሡ። ነርሷ በኮዳዋ ውኃ እያጠበች ጠጠሩን ስትለቅም፣ «እመቤቴ አተረፈችኝ» አሉ። እሷም ቀና ሳትል፣ «ጋሼ፣ ቆመው ቢሳለሟት ትቀየምዎታለች?» አለቻቸው። መምህሩ ለረጅም ጊዜ አልመለሱም።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓት አበጅተናል። ከፊት ያለው ሰው ጉልላት ሲያይ እጁን ሳይሆን ድምፁን ያነሣል፤ «እንሳለም!» ይላል። ሁሉም ቀስ ብሎ ከመንገዱ ዳር ይቆማል፤ የሚሳለመው ይወርዳል፣ ሄልሜቱን ያወልቃል፣ ይሰግዳል። ባጃጅ ነጂው ሙስሊም ነው፤ ብስክሌቶቹን ደግፎ ውኃውን ይጠጣል። የእሱ የዙህር ሰላት ሲደርስ ደግሞ እኛ ጥላ ፈልገን እንጠብቀዋለን። ሳይናገሩ በድንገት መቆምም ያው ስህተት ነው፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው የእርስዎን ልብ ማየት አይችልም።

ዳገት ላይ የሃይማኖት ክርክር መክፈት

ሰውነት ምን ያህል እየለፋ እንደሆነ በንግግር ይለካል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ከቻሉ ልፋቱ መካከለኛ ነው፤ ሁለት ሦስት ቃል ብለው ትንፋሽ ከሳቡ ከብዷል። ይህ በስፖርት ሕክምና የታወቀ መለኪያ ነው፤ መሣሪያም አይፈልግም። እኛ ግን ለሌላ ነገርም ጠቅሞናል።

ወደ ቤዛዊት ስንወጣ ሁለቱ ተማሪዎች ስለ ቅዱሳን አማላጅነት ጀመሩ። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ ሌላው ጴንጤ ነው፤ በሜዳው ላይ ሲነጋገሩ እርስ በርስ ይደማመጡ ነበር። ዳገቱ ሲጀምር ግን ትንፋሽ የሚበቃው ለ«አይደለም» እና ለ«የት ተጽፎ?» ብቻ ሆነ። ማብራሪያው ትንፋሽ አጥቶ ቀረ፤ የተሰማው ተቃውሞው ብቻ ነበር። ሁለቱም እንደ ንቀት ቆጠሩት። ሦስት ቅዳሜ አልተነጋገሩም።

ስለዚህ ዳገት ሲጀምር የተነሣው ጥያቄ ባለበት ይቆማል፣ ጫፍ ላይ ይቀጥላል። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አጠገብ ቆሞ ዓባይ ከጣና ሲወጣ ማየት ይቻላል። ልብ ሲረጋ ሰው የሌላውን ቃል እስከ መጨረሻው ይሰማል። ዳገት ላይ ማውራት የሚፈልግ ሰው ወደ ኋላ ቀርቶ በደካማው ፍጥነት ይሂድ፤ ለደካማውም ጓደኛ ይሆነዋል።

ፖድካስት በሁለቱም ጆሮ መስማት

ይህ አጭር ነው። የእኛ መንገድ ላይ ባጃጅ፣ አህያ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅና ላም አለ። ሁሉም በድምፅ ነው የሚታወቀው። ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና በቀኝ ስለሚሄድ የሚቀድምዎ ሁሉ በግራዎ በኩል ይመጣል፤ የግራ ጆሮዎን ክፍት ይተዉት። የቀኙንም በዝቅተኛ ድምፅ። በቡድን ሲሄዱ ግን ሁለቱንም አውጥተው ኪስ ውስጥ ይክተቱ። የወረደው ክፍል ሻይ ቤት ሲደረስ አብሮ ይሰማል።

ሌላም አለ። በአንድ ነጥብ አምስት ፍጥነት ግማሹን ሰምቶ መጥቶ ሙሉውን እንደሰማ ሰው ማስተማር። አድርጌዋለሁ። ነርሷ ያንኑ ክፍል እስከ መጨረሻው ሰምታው ኖሮ፣ እኔ እንደ እውነት ያቀረብኩትን ሐሳብ ተናጋሪው ራሱ በሁለተኛው አጋማሽ እንዳፈረሰው ነገረችኝ። አሁን ያልጨረስኩትን ያልጨረስኩት እንደሆነ አስቀድሜ እናገራለሁ።

ስህተትን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት

አንድ ሰው ሲወድቅ «ጥንቃቄ ጎደለው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ምንም አያስተምርም። የሰው ልጅ ስህተትን ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጄምስ ሪዝን ስህተትን ይለያየዋል፤ እጅ ወይም ልብ ከታሰበው ሲያመልጥ አንድ ነው፣ የታሰበው ራሱ የተሳሳተ ሲሆን ሌላ ነው፣ እያወቁ ደንብ መጣስ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ይህን በፖድካስት ሰምተን ስናወራ መምህሩ፣ «ታዲያ ቋንቋችን መች አጣው?» አሉ። ግድፈት፣ ስህተት፣ ጥፋት።

በብስክሌት እንየው። ጎማ ቀይረው የኋላውን ብሎን ማጥበቅ ከረሱ ግድፈት ነው። መድኃኒቱ ምክር አይደለም፤ ከመነሣት በፊት ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል መፈተሽ ነው፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ ብሎን፣ ካቴና። ለኮረኮንች ጎማውን እንደ ድንጋይ አጠንክረው ነፍተው ከተንሸራተቱ ስህተት ነው፤ አየሩ ሲበዛ ፍጥነት የሚጨምር መስሎዎት ነበር፣ ስለዚህ የሚያስፈልግዎ እውቀት ነው፤ ጎሚስታው አጠገብ ቆመው ጥቂት ያስቀንሱ። የፍሬን ጎማው አልቆ ብረት ብረቱን ሲፍቅ እየሰሙ ቁልቁለት ከወረዱ ግን ጥፋት ነው። እዚያ ላይ ጓደኛ መቆጣት ይገባዋል።

ባጃጅ ነጂው ይህን ሲሰማ፣ በእነሱ ዘንድ በረመዳን ረስቶ የበላ ሰው ጾሙን እንደሚቀጥል፣ ሥራ ሁሉ በኒያ፣ ማለትም በልብ ሐሳብ፣ እንደሚመዘን ነገረን። መምህሩም «ገደፈ» የሚለው ቃል ጾም መፍታትንም እንደሚያመለክት አስታወሱን። ያን ቀን ሁለት ሃይማኖት ስለ አንድ የላላ ብሎን ተነጋገረ፤ ከሰማኋቸው ጨዋታዎች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ። ለረሳ ሰው እንደ አጥፊ መጮህ በመካከላችን ቀርቷል። የተጮኸበት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የላላውን ብሎን ይደብቃል።

ታላቅ ሲያወራ ደመናን አለመናገር

ግንቦት መጨረሻ፣ ከጢስ ዓባይ ስንመለስ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። የዕለቱ ወሬ የቴኔሪፍ አደጋ ነው። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም በዚያች የስፔን ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጉም ወርዶ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጩ፤ 583 ሰው ሞተ። የአንደኛው የበረራ መሐንዲስ ያኛው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር። ዋና አብራሪው፣ ትልቅና የተከበረ ሰው፣ በእርግጠኝነት መለሰለት። መሐንዲሱ ዳግመኛ አልጠየቀም። ከዚያ አደጋ በኋላ ነው አየር መንገዶች ታናሹ ታላቁን እንዲያርም፣ ታላቁም እንዲሰማ ማሠልጠን ያጠናከሩት።

መምህሩ ይህን እየተረኩ፣ እኛ እየጠየቅን፣ ሁሉም ዓይኑ ወደ ፊት ነው። ከኋላ የሚመጣው ትንሹ ተማሪ ነበር። መጀመሪያ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ከዚያ አቧራው ተነሣ። ብልጭታው ሲመጣ «አንድ፣ ሁ...» ሳልል ነጎደ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ አልራቀንም ማለት ነው። ብስክሌቶቹን እየገፋን ወደ አንድ ዋርካ ስንሮጥ ከመንገዱ ማዶ አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆመው፣ «ኧረ ከዛፍ ሥር ውጡ፣ ልጆቼ! ወዲህ ግቡ!» ብለው ጮሁ። ገባን። ቡና አፈሉልን። ትንሹ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ደመናውን ሳየው ግማሽ ሰዓት ሆኖኛል» አለ። «ጋሼ ሲያወሩ ማቋረጥ ነውር መስሎኝ ነው።»

መምህሩ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ እኔ ስለ ዝምታ እያወራሁ አንተን ዝም አሰኘሁህ» አሉት፤ ቀጥለውም «ከእንግዲህ ደመና ስታይ እኔን ማቋረጥ ነውር አይደለም፤ አለማቋረጥህ ነው ነውሩ» አሉ።

አሁን መንገድ ላይ ስለ ሰማይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ትንሹ ነው፤ ታላላቆቹ ከተናገሩ በኋላ ታናሽ የተለየ አሳብ እንደማያወጣ እናውቃለን። በብልጭታና በነጎድጓድ መካከል 30 ሰከንድ ካልሞላ ጉዞው ይቆማል፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን። የብስክሌት ጎማ ከመብረቅ ያድናል የሚሉትን አትስሙ፣ ያን ያህል ኃይል የሚያግደው ጎማ የለም። ብቸኛ ዛፍ ከሁሉም የከፋ መጠለያ ነው። ግንብ ቤት ወይም መስኮቱ የተዘጋ መኪና ይሻላል።

የስልኩን ትንበያ እንደ ትእዛዝ፣ ዝናብን እንደ ዕጣ መቀበል

ከኛ ውስጥ አንዱ ስልኩ «ፀሐይ» ካለ ካፖርት አይዝም፤ ሌላው «ዝናብ የእግዜር ነው» ብሎ አይዝም። ሁለቱም ይበሰብሳሉ። ስልኩ የሚያየው ሰፊውን አካባቢ ነው፤ ጣና ደግሞ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ውኃ ስለሆነ የራሱ ነፋስ አለው። ቀን ምድሩ ከሐይቁ ይልቅ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ምድር ይነፍሳል፣ ሌሊት ይገለበጣል። ከጢስ ዓባይ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ይህ ነፋስ ፊት ለፊት ነው የሚጠብቅዎ፤ ለመመለሻው ጉልበትና ሰዓት ይተዉ። በእግዜር ማመንና ካፖርት መያዝ ተጣልተው አያውቁም። የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር እንኳ ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ብሎ ለይቶ ያስቀመጠው እንድንዘጋጅ ጭምር ይመስለኛል።

በጾም ቀን ሰውን መጎትጎት

የሚጾም ሰው «ትንሽ ብቻ ቅመስ» ሲባል ሁለት ጊዜ ይደክማል። በረመዳን መውጫችንን እናሳጥራለን፣ ከሜዳውም አንወጣም። በፍልሰታና በዐቢይ ጾም ከጉዞ በኋላ ዓሣ ቤት አንሄድም፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ባሕር ዳር ውስጥ ማለቂያ የለውም፣ የተራበ ሰው ፊት ደግሞ አይከፈትም። ሽሮ ሁላችንንም ያበላል። የሚጾመው ሰው ፊቱ ከገረጣ ወይም መንገዱን መሳት ከጀመረ ግን ያንን መናገር መጎትጎት አይደለም፤ ነርሷ ያን ጊዜ «ውረድ» ትላለች፣ ሁሉም ይወርዳል።

ጭቃውን ለነገ ማሳደር

ዋልካ ሲደርቅ ሸክላ ይሆናል። ከጎማና ከፍሬን መካከል ያለውን እርጥብ ሳለ በእንጨት ያውጡ፤ በኃይለኛ የውኃ ግፊት ኩሽኔታው ላይ አይተኩሱ፣ ግራሱን አጥቦ ያወጣዋል። ካቴናውን በጨርቅ አድርቀው ጥቂት ዘይት ያንጠብጥቡ፣ የተረፈውን ይጥረጉ። እኛ ይህን የምናደርገው አንድ ባልዲ ከበን ነው፤ ዳገት ላይ ባለበት የቆመው ጥያቄም ብዙ ጊዜ የሚያልቀው እዚያ ነው።