ታካሚን ኦፕራሲዮን አልጋ ላይ ማስተኛት፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ነርሶች

ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ክንዱ ቢጠማዘዝም አይናገርም። ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ጨርቅ ከለበሰ በኋላ ደግሞ እናንተም አታዩትም። ስለዚህ ፍተሻው ሁሉ ከዚያ በፊት ይለቅ።

አምባርና አልቦ ይውለቅ። ሐረር ላይ ጥቁር ሂና የተቀባ ጣት ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ የኦክስጅን መለኪያውን ሊያሳስት ስለሚችል ጆሮ ላይ ወይም ሂና ያልነካው ጣት ላይ አድርጉት።

ታካሚው የመጣበትም የኦፕራሲዮኑም አልጋ ፍሬን ይቆለፍ። ታካሚውን በአራት ሰው አንሱት እንጂ አትጎትቱት፤ ሲጎተት ቆዳው አንሶላው ላይ ተይዞ ይቀርና ከውስጥ ያለው ሥጋ ይንሸራተታል። ቁስሉ የሚወጣው ዋርድ ከገባ በኋላ ነው፣ ያኔ የዋርዱ ነርስ ትወቀሳለች።

በጀርባ ለተኛ ሰው ዋናው ነገር ክንድ ነው። ከጎኑ ከ90 ዲግሪ በላይ አይዘርጋ፣ መዳፉም ወደ ላይ ይሁን። ካለፈ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች ይለጠጣሉ። መጀመሪያ ልክ የነበረውን ክንድ ብዙ ጊዜ የሚያሳልፈው ረዳት ሐኪሙ ነው፤ የክንድ ማሳረፊያውን በዳሌው እየገፋ ይቆማል። ክንዱ ከጎን የሚታሰር ከሆነ መዳፉ ወደ ጭኑ ይዙር፣ ክርኑ ስር ስፖንጅ ይግባ። ጉልበቱ በትንሹ ይታጠፍ፣ ተረከዙ ፍራሹን አይንካ። ቀበቶው ከጉልበት 5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታሰር፤ እጃችሁ ከስሩ ካላለፈ ጠብቋል።

ለሲ-ሴክሽን (በኦፕራሲዮን ለምትወልድ እናት) ከቀኝ ዳሌዋ ስር የተጠቀለለ አንሶላ ከትታችሁ ወደ ግራ 15 ዲግሪ አዘንብሏት። ጠፍጣፋ ከተኛች ማህፀኑ ትልቁን ደም መላሽ ቧንቧ ይጫናል፣ ስፓይናል (በጀርባ የሚወጋ ማደንዘዣ) ሲጨመርበት የደም ግፊቷ ይወርዳል።

በድሬዳዋ ሙቀት የታካሚው ጀርባ ገና ሳይታጠብ በላብ ይርሳል። የረጠበውን አንሶላ ቀይሩ። ከስር የተጠራቀመ ቤታዲን (የቆዳ ማጽጃ) ቆዳ ያቃጥላል፤ አልኮል ያለበት ከሆነ በኮተሪ (ሥጋ የሚቆርጥና ደም የሚያቆም የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ብልጭታ እሳት ሊነሳ ይችላል።

ሊቶቶሚ (በጀርባ ተኝቶ እግሮች ተነስተው መያዣ ላይ የሚያርፉበት አተኛኘት) ላይ ሁለቱ እግሮች በሁለት ሰው እኩል ይነሱ። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለችው የአጥንት ጉብታ የእግር መያዣውን ብረት አትንካ፤ እዚያ የሚያልፈው ነርቭ ከተጫነ ታካሚው የእግሩን ጫፍ ወደ ላይ ቀና ማድረግ ያቅተዋል። የአልጋው ጫፍ ሲታጠፍም ሆነ ሲመለስ ጣቶቹ የት እንዳሉ እዩ። እግሮቹን ስታወርዱ ቀስ ብላችሁ፣ ለአኔስቴዥያው (የማደንዘዣ) ባለሙያ ነግራችሁ ይሁን፤ ደሙ ወደ እግር ሲመለስ የደም ግፊቱ በድንገት ሊወድቅ ይችላል።

አልጋው በተዘነበለ ቁጥር ክንድና ተረከዙን እንደገና ዳስሱ።