ሞኒተሩ ከፍ ሲል ማጅራት የባሰበት ምክንያት

ምልክቱ፦ የሂሳብ ሠራተኛዋን ጠዋት ምንም አይላትም፤ ከሰዓት በኋላ ማጅራቷንና ትከሻዋን ይይዛታል።

ወንበሯ ክርኗ ከጠረጴዛው እኩል እስኪሆን ከፍ አለ፤ እግሯ ስለተንጠለጠለ መርገጫ ተደረገላት። የሞኒተሩ የላይኛው ጠርዝ ከዓይኗ እኩል እንዲሆን ሁለት ደስጣ ወረቀት ከሥሩ ገባ። ሕመሙ ባሰ። ወንበር መቀየርም አልፈየደም።

ምክንያቱ የታየው ሥራ ላይ ተመስጣ ሳለ ከጎን ስትታይ ነው (ሰው እየታየ መሆኑን ካወቀ ቀጥ ብሎ ስለሚቀመጥ ምንም አይገኝም)። ቁጥር ባነበበች ቁጥር አገጯን ሽቅብ ታነሳለች። መነጽሯ ባይፎካል (ላዩ ለሩቅ፣ ታቹ ለቅርብ የሆነ) ነው፤ የቅርብ ማንበቢያው ከታች ስለሆነ ስክሪኑ ከፍ ሲል አንገቷ ወደ ኋላ ይታጠፋል።

ወረቀቱ ወጣ። የሞኒተሩ የላይኛው ጠርዝ ከዓይኗ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አለ፤ ፊቱ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ኋላ ተጋደመ፤ ርቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አገጯ ወዲያው ወረደ፤ ሕመሙም ቀስ በቀስ ለቀቃት። ሲጋደም የጣሪያው መብራት ስክሪኑ ላይ ካንጸባረቀ ሞኒተሩን ከመብራቱ ሥር ፈቀቅ ማድረግ ነው።

ሞኒተሩ አገጭ እስኪወርድ ድረስ ዝቅ አልል ካለ ለኮምፒዩተር ርቀት ብቻ የተለካ መነጽር ያስፈልጋል። መነጽር ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ከዓይን እስከ ስክሪን ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ያዙ።