ያን ማየን ደሴትን ለማየት፦ ከባሕር ዳር ከተማ ለሚነሳ መንገደኛ

ያን ማየን በ71 ዲግሪ ሰሜን፣ ከአይስላንድ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የኖርዌይ ደሴት ናት። ስፋቷ 377 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣና ስምንት እጥፏ ይሆናል። ቋሚ ነዋሪ የላትም፤ በተራ እየተቀያየሩ የአየር ሁኔታ ጣቢያ የሚጠብቁ ጥቂት ሠራተኞች ብቻ አሉ። ሆቴል የለ፣ ሱቅ የለ፣ ወደብ የለ። አውሮፕላን ማረፊያውም ለጣቢያው ነው። አንዱ አማራጭ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ከአይስላንድ የሚነሳ ጀልባ ነው።

የአውሮፕላን ቲኬት ቀድማችሁ አትቁረጡ። መጀመሪያ ጀልባው ላይ ቦታ ያዙ፤ ከኖርዌይ የመውረጃ ፈቃድ የሚያወጣው ማን እንደሆነም በጽሑፍ ይረጋገጥላችሁ። ያንን ደብዳቤ ይዛችሁ አዲስ አበባ የሸንገን ቪዛ ጠይቁ፤ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላል፣ የጉዞ መድኑም ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ከአይስላንድ ወጥታችሁ ስለምትመለሱ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልግ እንደሆነ ስታመለክቱ ጠይቁ።

በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ ባሕሩ ቢመች እንኳ መሄጃው ብቻ ከሁለት ቀን በላይ ይፈጅበታል። የማቅለሽለሽ ክኒን ከመነሳት በፊት እንጂ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ አይረዳም። መመለሻ በረራችሁን 5 ቀን አርቁት፤ ጉምና ማዕበል ጀልባውን ደጅ ያስጠናዋል፣ አንዳንዴም ሳያወርድ ይመልሰዋል።

መውረዱ በትንሽ የጎማ ጀልባ ነው። ሁለት እጃችሁ ባዶ ይሁን፤ ሻንጣ በኋላ ይቀበሏችኋል። የሚረዳችሁን ሰው መዳፉን ሳይሆን ክንዱን ያዙ፣ እሱም ክንዳችሁን ይያዝ፤ እርጥብ መዳፍ ያመልጣል። ማዕበሉ ሲመለስ ውረዱ፤ ከኋላ የሚመጣው ጀልባውን እግራችሁ ላይ ይገፋዋል።

በሐምሌና በነሐሴም ሙቀቱ 5 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከነፋስ ጋር። ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ልብስ። ጋቢ ጥጥ ስለሆነ አንዴ ከራሰ አይደርቅም፤ ጀልባው ውስጥ ለመኝታ ግን የሚያህለው የለም። በሶና ቆሎ ያዙ። ቋንጣ ከቤት አይውጣ፤ ሥጋ አይስላንድ ድንበር ላይ ይወረሳል።

በረንበርግ የተባለው እሳተ ገሞራ 2,277 ሜትር ነው፤ ከባሕር ዳር ከተማ 480 ሜትር ያህል ብቻ ይበልጣል፣ ከፍታው አያስቸግራችሁም። የሚያስቸግረው ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ መወጣቱና በረዶው ሥር የተሸፈነው ስንጥቅ ነው፤ ያለ ገመድና ያለ መሪ አይሞከርም።