ድራም ስትጀምሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር ድራም የማስተምረው ልጅ ደወለልኝና «ጋሼ፣ ስኔሩ ተበላሸ፣ ዱም ዱም ብቻ ነው የሚለው» አለኝ። በጣም ደንግጧል። ጣና ዳር ያለችው መለማመጃ ክፍላችን ሄጄ ሳይ ከስኔሩ፣ ማለትም ከሥሩ ሽቦ ከተዘረጋበት ከበሮ፣ ጎን ያለችው ትንሽ ማንሻ ወርዳለች። በአውራ ጣቴ ወደ ላይ ገፋ ሳደርጋት ከሥር ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ቆዳውን ነኩና ያ የምናውቀው «ጫ!» የሚል ድምፅ ተመለሰ። ምንም አልተበላሸም ነበር።

ዋናው ስህተት ይሄ ነው፣ ክፍሎቹን ሳይተዋወቁ መምታት።

ስትገዙም ያስቸግራችኋል። «ባለ አምስት ፒስ» ሲባል የሚቆጠሩት ከበሮዎቹ ብቻ ናቸው፦ በእግር የሚመታው ኪክ፣ ስኔር፣ ከኪኩ በላይ የሚሰቀሉት ሁለት ቶም፣ መሬት የሚቆመው ፍሎር ቶም። ሲምባል፣ ያ ክብ የብረት ሳህን፣ አይቆጠርም። ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሲምባልና ማቆሚያው አብሮ እንዳለ ጠይቁ።

ሌላው ሲምባሎቹን ማምታታት ነው። ሃይ ሃት በግራ እግር የሚከፈትና የሚዘጋ ጥንድ ነው። ራይድ ትልቁ ነው፣ ብዙ ጊዜ 20 ኢንች። ሁለቱም ምት ይይዛሉ። ክራሽ ግን ለማድመቂያ ነው፣ ጀማሪ ሁሉ ግን እሱን ነው ደጋግሞ የሚደበድበው። ችክችካ ስትለማመዱ 6/8ቱን በተዘጋ ሃይ ሃት ያዙ፣ ክራሹን ለመግቢያና ለማዞሪያ አቆዩት። ደግሞ ሲምባልን ጸናጽል አትበሉት፣ ጸናጽል መዘምራን በእጃቸው የሚነቀንቁት ነው።

የሲምባሉን ዳዶ ጥርቅም አድርጎ ማሰር በጣም ያናድደኛል። ሲምባል ሲመታ መወዛወዝ አለበት፤ ከታፈነ ድምፁ ይሞታል፣ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል። ከላይና ከታች ያለውን ለስላሳ ማስቀመጫም አትጣሉት።

ቅኝት ላይ ደግሞ አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ጎረቤቱ መሄድ አለ። እንዲህ ካደረጋችሁ ቆዳው አንድ ወገን ይወጠራል፣ ድምፁም ይንሻፈፋል። በድራም ቁልፍ ግማሽ ዙር አዙሩ፣ ከዚያ በቀጥታ ፊት ለፊቱ ወዳለው ተሻገሩ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጥንድ። እኛ ከበሮ እያየን ያደግን ሰዎች ቆዳ ሲረግብ ፀሐይ ላይ ማውጣት ይቀናናል። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ እውነተኛ ቆዳ ስለሆነ እርጥበት ያላላዋል፣ ፀሐይ ይወጥረዋል። የድራም «ቆዳ» ግን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው። እሱን ፀሐይ አይቃኘውም፣ ቁልፍ እንጂ።

ስቲክ (መምቻው እንጨት) ላይ ብዙ አትጨነቁ። በ5ኤ ጀምሩ፤ 7ኤ ቀጠን ይላል፣ 5ቢ ወፈር ይላል። ወንበሩን ግን ችላ አትበሉ፣ ጭናችሁ ወደ ጉልበት ትንሽ ዘቅዘቅ እስኪል ከፍ አድርጉት። ከድራሙ ሥርም ምንጣፍ አንጥፉ፣ ያለዚያ ኪኩ በመታችሁት ቁጥር ወደ ፊት እየተንሸራተተ ከእግራችሁ ይርቃል።