ሃሎዊንን ከልጆች ጋር እንዴት እናክብር? ትንሽ በመግዛት፣ ብዙ በመሥራት

አሜሪካ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ወላጅ መኸር ሲገባ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ «እኔ ዘንድሮ ምን ልሁን?» ኦክቶበር 31፣ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21፣ ልጆች የፈለጉትን መስለው ለብሰው ከደጅ ደጅ እየዞሩ ከረሜላ ይሰበስባሉ። ለቡሄ ሆያ ሆዬ እያሉ የዞሩ ወላጆች ደስታው አይጠፋቸውም። በዓሉ ከእምነታቸው ጋር አይሄድም የሚሉ ቤተሰቦችም አሉ፤ ለእነሱ የደጃፋቸውን መብራት ማጥፋት ይበቃል። ያልበራ ደጅ ማለት «እዚህ አይንኳኳም» ማለት እንደሆነ የአገሩ ልጆች ሁሉ ያውቃሉ።

የምታከብሩ ከሆነ ግን ከሱቅ አትጀምሩ። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የሃሎዊን ልብስ በአብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ፖሊስተር ደግሞ ፕላስቲክ ነው። አንድ ምሽት ተለብሶ ይጣላል፣ ዘመናትን ሳይበሰብስ ይቆያል። ልጅ እጁን ያስገባበት ልብስ ግን ዓመት ሙሉ ይወራለታል።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው፦ ልብሱ

የሃሎዊን አጽም በየሱቁ ሞልቷል። እኛ ግን ከማንም የሚበልጥ አጽም አለን፤ ድንቅነሽ። በ1974 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ስትሆን፣ ቁመቷ 1.1 ሜትር ያህል እንደነበር ይገመታል። ይህ የአንድ የአምስት ዓመት ልጅ ቁመት ነው! ይህን ለልጅ ንገሩትና ፊቱን እዩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ልጁ ያለውን ጥቁር ሹራብና ጥቁር ሱሪ አውጡ። አሮጌ ነጭ ካናቴራ ወይም የትራስ ልብስ ላይ አጥንቶቹን በእርሳስ ሳሉና ቁረጡ። ከድንቅነሽ የተገኘው ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ስለሆነ ሁሉንም መሥራት አያስፈልግም፤ ጎድን አጥንቶች፣ የግራ ዳሌና የግራ ጭን አጥንት ከተለጠፉ ያምራል። የታችኛውን መንጋጋ ፊት ላይ በነጭ ቀለም መሳል ይቻላል። ጨርቁን በረጃጅም ስፌት ብቻ ያዙት፤ በማግስቱ ክሩ ሲመዘዝ ሹራቡ ለትምህርት ቤት ይለበሳል። ልጆቹ እያንዳንዱን አጥንት ሲቆርጡ ስሙን ይማሩ። የእውነተኛዋ ድንቅነሽ ቅሪት አዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም እንደሚጠበቅም ይስሙ።

ሩጫ የሚወድ ልጅ ካላችሁ ደግሞ አበበ ቢቂላ ይሁን፤ ወረቀት ላይ 11 ቁጥርን ጽፋችሁ ደረቱ ላይ ለጥፉለት። አበበ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ነው የሮጠው፣ በኦክቶበር ብርድ ግን ጫማ አይቀርም።

ምንም ይልበስ ምን፣ ሦስት ነገር አስተውሉ። ልብሱ መሬት አይጎተት። ዓይን የሚጋርድ ጭምብል ይቅርና ፊቱ ይቀባ፤ ቀለሙን ከቀናት በፊት ክንዱ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ ቆዳው መቆጣት አለመቆጣቱን እዩ። ጀርባውና እጅጌው ላይ የመኪና መብራት የሚመልስ አንጸባራቂ ቴፕ ለጥፉ። ለከረሜላው የትራስ ልብስ ከማንኛውም የፕላስቲክ ባልዲ ይሻላል።

ለደጃፋችሁ ማስጌጫ ደግሞ የወደቀ ቅጠል፣ ካርቶንና ገመድ ይበቃሉ። የሚለጠጠውን አርቲፊሻል የሸረሪት ድር ውጭ አትዘርጉ፤ ወፎችና ንቦች ይጠመዱበታል።

ሁለት ቀን ሲቀረው፦ ዱባው

ዱባ የመቅረጽ ልማድ ሥሩ አየርላንድና ስኮትላንድ ነው። እዚያ ፋኖስ የሚሠሩት ከተርኒፕ ነበር፤ ስደተኞቹ አሜሪካ ሲደርሱ ትልቁንና ለመቦርቦር የሚቀለውን ዱባ አገኙ። የተቀረጸ ዱባ በቀናት ውስጥ ስለሚሻግት ቀድማችሁ አትቅረጹ።

ልጆች ይሳሉ፣ ውስጡንም በማንኪያ ያውጡ። መቁረጡ የአዋቂ ሥራ ነው፤ ከወጥ ቤት ቢላዋ ይልቅ ለዚሁ የሚሸጠው ትንሽ መጋዝ አያዳልጥም። የዱባውን ግድግዳ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል አስቀርታችሁ የቀረውን ሥጋውን ፋቁ። እሱን ነው ለራት የምንፈልገው። በዚያው ቀን አብስሉት፤ ውጭ የሰነበተ ዱባ አይበላም።

ሽንኩርቱን አቁላልታችሁ በርበሬና ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ መጨረሻ ላይ ኮረሪማ። የሚቀረጸው ትልቅ ዱባ ውኃው ብዙ፣ ጣፋጭነቱ ትንሽ ስለሆነ ውኃ ሳትጨምሩ በራሱ ውኃ ይብሰል። ጥሩ የዱባ ወጥ የሚወጣው «ፓይ ፓምፕኪን» ከሚባለው ትንሹ ዓይነት ነው፤ ከቻላችሁ አንድ ጨምሩ። ጾመ ጽጌን ለሚጾሙም ይሆናል። ፍሬውን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ጨው ነስንሳችሁ በ300 ፋራናይት ምድጃ ውስጥ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቁሉት፤ ከቆሎ ጋር ሲቀላቀል ሌላ ነገር ነው።

ዱባው ውስጥ ሻማ ሳይሆን በባትሪ የሚሠራ መብራት አስገቡ። ቀሚሳቸው የሚንዘረፈፍ ልጆች ደጃፋችሁ ላይ ይጨናነቃሉና።

ምሽቱ

ወላጅ ሁሉ የሚፈራው የተመረዘ ከረሜላ ነው። ነገሩን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት የዴላዌር ዩኒቨርሲቲው ሶሺዮሎጂስት ጆኤል ቤስት፣ የማያውቀው ሰው መርዞ በሰጠው የሃሎዊን ከረሜላ ሕይወቱ ያለፈ ልጅ ስለመኖሩ የተረጋገጠ ማስረጃ አላገኙም። ልትፈሩ የሚገባው መኪናን ነው። በዋሽንግተን አካባቢ በዚያ ቀን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ነው፤ ሰው ከሥራ የሚመለስበትና ልጆች መንገድ የሚሞሉበት ሰዓት በጨለማ ይገጣጠማል።

ስለዚህ ራት አብልታችሁ በጊዜ ውጡ። በእግረኛ መንገድ ላይ ሂዱ፤ አንዱን ወገን ጨርሳችሁ በማቋረጫው ተሻገሩ፣ በቆሙ መኪኖች መሃል ግን በጭራሽ። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን አይውጣ። ለእያንዳንዱ ልጅ የእጅ ባትሪ ስጡት፤ አብረቅራቂዎቹ የፕላስቲክ ዘንጎች ለአንድ ሌሊት ብቻ ናቸው። ደጅ ላይ ቆሞ «አመሰግናለሁ» ማለት እንጂ ቤት ውስጥ መግባት አይፈቀድ።

ለሚመጡ ልጆችስ ምን እንስጥ? ቆሎና ዳቦ ቆሎ ጠቅልሎ መስጠት ያምረናል። ነገር ግን የአሜሪካ ወላጆች ያልታሸገ ምግብ ስለሚጥሉት ለሚያውቋችሁ ጎረቤቶች አቆዩት። በትናንሽ የወረቀት ሣጥን የሚሸጥ ዘቢብ ወይም ከረሜላ የፕላስቲክ መጠቅለያውን ይቀንሳል። እርሳስም ጥሩ ነው። ደጃፉ ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቀለም የተቀባ ዱባ ያለበት ቤት፣ ኦቾሎኒ ወይም ወተት ለማይስማማቸው ልጆች የማይበላ ስጦታ ያዘጋጀ ቤት ነው። እናንተም አድርጉት፤ አለርጂ ላለበት ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ቤት ስትገቡ መጠቅለያው የተቀደደውን ጣሉ። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጠንካራ ከረሜላ አትስጡት፤ ያንቀዋል።

በማግስቱ

ዱባውን ከቆሻሻ ጋር አትጣሉት። ቆሻሻ መቅበሪያ ውስጥ አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባለውን ጋዝ ያወጣል። ቀለምና ሻማ ካለበት አንሱለት፣ ቆራርጣችሁ ለጓሮ ብስባሽ አድርጉት። ጓሮ ከሌላችሁ ከተማችሁ ወይም በአቅራቢያችሁ ያለ እርሻ ዱባ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ፤ አሳማና ፍየል የሚያረቡ ገበሬዎች አንዳንዴ ደስ ብሏቸው ይወስዱታል። የድንቅነሽን አጥንቶች ከሹራቡ ፈትታችሁ ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ፤ ታናሽየው በሚቀጥለው ዓመት 1.1 ሜትር ሊደርስ ይችላል።